ቅርፊቱን መልስልኝ

የቢሾፍቱ የዶሮ ፎቅ ከሆራ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ሲያድግ፣ ሲያድግ፣ በመጨረሻ ደመናዎቹ መንገድ ለወጡ። ይህ ማጋነን አይደለም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ መጀመሪያ የሚያርፈው ላይኛው ፎቅ ያሉት ዶሮዎች ክንፍ ላይ ነው፤ የተረፈው ነው ወደ ሰው የሚወርደው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ በፎቁ ውስጥ አንድ ዶሮ አለችው። ዶሮዋ የምትመገበው የባለቤቷን ልብ ተከትላ ነው። የሰውየው ደም ወፈር ሲል መኖዋ ይቀጥናል፤ ልቡ ሲደክም ተልባ ይጨመርላታል። የጣለችው እንቁላል በማለዳ ቱቦ ለቱቦ ተንሸራቶ ባለቤቱ ወጥ ቤት ይደርሳል፤ ቅርፊቱ ላይ የሰውየው ስምና የቤት ቁጥሩ በሰማያዊ ታትሞበታል። የሌላ ሰው እንቁላል መብላት በሌላ ሰው መነጽር መርፌ ውስጥ ክር እንደ ማስገባት ነው ይላል ልብ ቢሮ።

እዚህ የተደረሰው በዋዛ አይደለም። በቅድመ አያቶች ዘመን ሐኪሞች አንድ ዓመት እንቁላል ልብ ይዘጋል ሲሉ፣ በዓመቱ ኧረ ልብ ይከፍታል ሲሉ፣ አስኳሉን ጣሉ ሲሉ፣ አስኳሉን ብቻ ብሉ ሲሉ፣ ሕዝቡ እጁ አፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ልብ ቢሮ ተቋቋመና ለያንዳንዱ ልብ የየራሱን እንቁላል ሰጥቶ ክርክሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በእንቁላል የተጣላ የለም። በድንገት የሞተም የለም። ሰው የሚሞተው በቀጠሮ ነው።

ወንድይራድ በዚህ ሥርዓት በጣም ከሚኮሩት አንዱ ነበር። ሥራው የባጃጅ አጫዋችነት ነው። ባጃጆቹ መንገዳቸውን ራሳቸው ካወቁ ሹፌር አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን ዝም ብሎ የሚሄድ ተሳፋሪ ልቡ እንደሚከፋ ስለተደረሰበት፣ በየባጃጁ የሚያወራ ሰው እንዲቀመጥ ተደርጓል። እንደ ወንድይራድ ያለ አጫዋች ደግሞ ከቢሾፍቱ እስከ ሞቃዲሾ ቢፈለግ አይገኝም። ሰው ከቤቱ ደጃፍ ተሳፍሮ ጨዋታው እስኪያልቅ ሦስቴ ከተማውን ይዞራል። ዶሮዬ እቴጌ ትባላለች ይል ነበር፤ አይቷት አያውቅም። ከፎቁ ሁሉ የሷ አስኳል ነው የሚበልጠው፣ አንዳንዴ ጠዋት ሲሰብሩት መብራት ማጥፋት ያስፈልጋል ይል ነበር። ልቡን በተመለከተማ፣ ልብ ቢሮ ሰዓቶቹን የሚያስተካክለው በሱ የልብ ምት ነው ብሎ ለአማቱ ለእማማ ድንቅነሽ ሳይቀር ነግሯቸዋል። እማማ ድንቅነሽ ይህን የሰሙ ዕለት ሰዓታቸውን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ነገሩ የጀመረው ቅዳም ሹር ጠዋት ነው። ጾሙ ሊያበቃ ነውና ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን እስኪቀረው ዝም ብሎ የከረመው ቱቦ በዚያ ማለዳ ሊከፈት ነበር። ወንድይራድ ቤተሰቡ ሳይነሣ ወጥ ቤት ገባና በቱቦው ሥር ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። ቱቦው አጉረመረመ፤ ሳለ፤ ነፋስ አወጣ። እንቁላል አላወጣም።

“አቶ ወንድይራድ፣ እንደምን አደሩ” አለችው ጠባቂዋ። ጠባቂዋ በየሰው አንገት ሥር ከቆዳ በታች ያለችው ምስር የምታህል ነገር ናት፤ የምትናገረው ለባለቤቷ ጆሮ ብቻ ነው፤ ድምጿም የሐዘን ቤት እንግዳ ይመስል ለስላሳ ነው። “እንቁላልዎ ታግዷል።”

“የኔ? ሌላ ወንድይራድ እንዳይሆን።”

“የርስዎ ነው። ልብዎ በሥራ ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት ይፈጥናል።”

“መቼ ነው የሚፈጥነው?”

“ሲያወሩ።”

“እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የማወራው።”

“አዎ” አለች ጠባቂዋ። ቀጠለችም። “የታገደ ሰው እንቁላል የቀረበበት ማዕድ ላይ አይቀመጥም። ነገ እኩለ ቀን ላይ በቀበሌው አዳራሽ ቅንጬ ተዘጋጅቶልዎታል። ካልመጡ መጥተን እንወስድዎታለን። መልካም ፋሲካ።”

ወንድይራድ አዳራሹን ያውቀዋል። በመስኮቱ ሲያልፍ ተሳፋሪዎቹን ያስቅበት ነበር፤ የታገዱት በየወንበራቸው ተራርቀው፣ ጨው ያልነካው ቅንጬያቸውን እያዩ፣ ልባቸው እንዳይፈጥን ዝም ብለው የሚበሉበት ቤት ነው። አሁን እሱ ሊገባበት ነው፤ ያውም በፋሲካ፤ ያውም አማቱ ከሞጆ ድረስ መጥተው ባሉበት ዓመት። ከአስካለ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ፋሲካ ከማዕዱ ራስ ተለይቶ አያውቅም። ዳቦውን የሚቆርሰው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአስካለ የሚሰጣት እሱ ነው። የሱ ወንበር ባዶ ሆኖ እማማ ድንቅነሽ ባዶውን ወንበር እያዩ ሲያላምጡ ታየው። በሠርጉ ቀን ‘የዚህ ልጅ አፍ ከልቡ ይቀድማል’ ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ልብ ቢሮ ይኸው መሰከረላቸው።

ረፋድ ላይ፣ ቤተሰቡ ለበዓል ገበያ በየፊናው ከወጣ በኋላ፣ እሱም ልብሱን ለበሰና ወጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ አበባ ለውጭ አገር ይበቅልበት የነበረና አሁን ተቀዳዶ የቀረ የላስቲክ ቤት አለ። እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት እዚያ ልብ ቢሮ የማያውቃቸው ዶሮዎች እንዳሏቸው ተሳፋሪ ሁሉ ያወራል። ወንድይራድ ራሱ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ተርኮታል፤ በሱ አተራረክ ዶሮዎቹ ጥጃ ያክላሉ። አሁን የተቀደደውን ላስቲክ ገልጦ ሲገባ፣ አንዲት ቀይ ነገር ከእግሩ ሥር ዘላ ወጣችና በአንድ ዓይኗ አየችው። በሕይወቱ የምትራመድ ዶሮ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ኋላ ሸሸ፤ ግድግዳው ባይኖር ዱከም ይደርስ ነበር።

“አትነክስም” አሉት እትዬ ስንዱ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጭን ሙሉ እንቁላል ይዘዋል። “ምን ፈልገህ ነው?”

“ለአንድ ወዳጄ ነው እትዬ። አንድ እንቁላል።”

“ዛሬ የመጣው ሁሉ ለወዳጁ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ ወዳጅ የሌለው ሰው በዛ እል ነበር።” ከብብታቸው ሥር ሰማያዊ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አወጡ። “የወዳጅህን ስም ንገረኝ።”

“ወንድይራድ።”

እትዬ ስንዱ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እንቁላሉ መልሰው፣ ልክ እንደ ልብ ቢሮ ማተሚያ ክርክም ባለ ፊደል ስሙን ጻፉ፤ ሳይጠይቁትም ከሥሩ የቤቱን ቁጥር ጨመሩበት።

“የቤቱን ቁጥር አልነገርኩዎትም እኮ” አለ ወንድይራድ።

“አውቀዋለሁ።”

ደረቱ ወደ ፊት ወጣ። ዝናው ይህን ያህል፣ የተቀደደ ላስቲክ ሥር ሳይቀር ደርሷል ማለት ነው። በሐዘኑ መካከል ትንሽ ተጽናና።

“ምን ልክፈል?”

“ቅርፊቱን መልስልኝ።”

“ቅርፊቱን ብቻ?”

“እነዚህ ከፎቅ መኖ የሚላክላቸው አይደሉም። የራሳቸውን ቅርፊት ወቅጬ ካላበላኋቸው የሚጥሉት ሁሉ ልፍስፍስ ይሆንብኛል። ደግሞም የኔ ቀለም ያለበት ቅርፊት ቆሻሻ ላይ ተጥሎ እንዲገኝ አልፈልግም። ሳትመልስ ብትቀር ለሌላ ጊዜ እንዳትመጣ።”

እንቁላሉን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሙቀቱ በመሐረቡ አልፎ ጭኑን ነካው። የፎቁ እንቁላል ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነው የሚመጣው፤ እንቁላል ትኩስ ሊሆን እንደሚችል ማንም ነግሮት አያውቅም።

ቤት ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ የሦስት ሰው እንቁላል ተቀምጧል፤ የአስካለ፣ የልጃቸው የብሩክታዊትና የእማማ ድንቅነሽ። የየሰው እንቁላል በዋዜማው ቅርጫት ውስጥ ስሙ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ የገባ ጎረቤት ሁሉ አይቶ “ሁላችሁም አላችሁ፣ ተመስገን” የሚልበት ልማድ ነው። ወንድይራድ የሱን በቀስታ ከሦስቱ ጎን አስቀመጠ። መጠኑ አነስ ይል ይሆን ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ናት የወለደቻቸው የሚያስብል ነው። ዘንድሮ የፎቁም እንቁላል አንሷል ማለት ነው አለ በልቡ፤ ደስም አለው።

አስካለ ምድጃው ላይ ሽንኩርቱን ታቁላላለች። የዶሮው ሥጋ ዶሮ ሆኖ የማያውቅ፣ በገንዳ ያደገ ሥጋ ነው፤ ሽንኩርቱ ግን አሁንም ያስለቅሳል።

“ቅቤ በቃ” አለ ምድጃው።

“አንተ፣ ናና የዚህን ዓይን ያዝልኝ” አለች አስካለ።

ወንድይራድ በመዳፉ የምድጃውን ዓይን ሸፈነ። አስካለ አንድ ማንኪያ ጨመረች፤ ከዚያ እሱን አይታ አንድ ደገመች። ከተጋቡ ጀምሮ በየፋሲካው የሚያደርጉት ነው። ምድጃው የሚያየው ጨለማ ለምን በዓመት አንድ ቀን ብቻ እንደሚመጣ እስካሁን አልጠየቀም።

“የት ሄደህ ነው ጠዋት?” አለችው።

“ሰዎች ያለኔ አንሄድም ብለው።”

“በቅዳም ሹር?”

“አለቀሱ እኮ አስካለ። አንዱማ የባጃጁን ጎማ ይዞ ነው የለመነኝ።”

ሳቀች። አስካለ በሱ ወሬ ከሳቀች ወሬው እውነት መሆን አይጠበቅበትም። እሱም ይህን ሳቅ ነገ ከማዕዱ ራስ ላይ ሆኖ የሚሰማ መሆኑን አሰበና ኪሱን በእጁ ዳበሰ፤ ባዶ ነው፤ እንቁላሉ ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ሁሉም ደህና ነው።

ደህና ያልሆነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። እንቁላሎቹ ተቀቅለው ቀርበዋል፤ መላጥ ብቻ ይቀራል። ይህ በማንም ቤት ተወዶ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ጣት ያቃጥላል፤ ልጅ ሲጠራ ይሰወራል። በዚያ ዕለት ግን ብሩክታዊት፣ “የኔን እኔ ልላጥ” ብላ ዘላ ተነሣች። እማማ ድንቅነሽ፣ “እኔስ እጅ የለኝም?” ብለው የራሳቸውን ያዙ። አስካለ ወደ መስኮቱ ዞራ የሷን ላጠች። ወንድይራድም የራሱን ላጠና ቅርፊቱን ከጓዳው ጥግ ቆሞ ኪሱ ከተተ። ማንም አላየውም፤ ሁሉም በየራሱ ሥራ ነበር።

አስካለ የተላጡትን በቢላ ላይ ላዩን ጫር ጫር አድርጋ አንድ በአንድ ድስቱ ውስጥ ጣለቻቸው። ቀይ ወጡ ውስጥ ተንከባለሉ፤ ጠለቁ፤ ወጡ። ወንድይራድ ጭልፋው ሲያማስላቸው አየ። ያኔ ነው ልቡ ከነጠባቂዋ የወደቀው።

ስም ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። ድስት ውስጥ ስም የለም።

ሌላ ዓመት ይህ ችግር አልነበረም፤ አማቱ ስለማይኖሩ ሦስቱም ሳቅ እያሉ ይለዋወጡ ነበር፣ ልብ ቢሮ በዓመት አንድ ቀን ያልፋል እየተባለ። ዘንድሮ ግን እማማ ድንቅነሽ አሉ። የሳቸው ልብ የታወቀ ልብ ነው፤ ለዶሯቸው መኖ ሲዘጋጅ ሦስት ሐኪም ይፈርማል ይባላል። ባለፈው ዓመት ደረጃ ሲወጡ ተዝለፍልፈው ወድቀው ሞጆ በሙሉ ወጥቶ ነበር። አሁን ማንም ያልለካው፣ ትል ለቅማ የኖረች ዶሮ የጣለችው እንቁላል፣ እሱ ወንበሩን ላለማጣት ብሎ ያመጣው እንቁላል፣ ሳቸው ሳህን ላይ ሊወጣ ይችላል።

ጭልፋውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አስካለ እጁን መታችው።

“እስኪደርስ አትታገሥም?”

“ልቅመስ ብዬ ነው።”

“ትቀምሳለህ።”

ፋሲካ ድሮ የሚገደፈው ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሌሊት ነበር፤ ልብ በጨለማ ምግብ መቀበል እንደማይወድ ከታወቀ ወዲህ እኩለ ቀን ላይ ሆኗል። በማዕዱ ዙሪያ አራቱ ተቀመጡ። ወንድይራድ ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሣ ዳቦውን ቆረሰ፤ ዳቦው ባለፉት ዓመታት አይቶት የማያውቀውን ቅርጽ ያዘ።

“አቶ ወንድይራድ” አለች ጠባቂዋ በጆሮው። “አዳራሹ ይጠብቅዎታል።”

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን በትከሻው ፈተገ። ብሩክታዊትም ጆሮዋን አከከች። አስካለ ዝንብ እንደምታባርር ራሷን ነቀነቀች። እማማ ድንቅነሽ ድንገት፣ “ዝም በል አንተ” አሉ።

“ምንም አላልኩም እማማ” አለ ወንድይራድ።

“አንተን አላልኩም” አሉና ቀጠል አድርገው፣ “እንዴት ነው ታዲያ ዛሬ ዝም ያልከው? ሰዓቱ ቆመ እንዴ?”

አስካለ በየእንጀራው ፊት ወጥ አወጣች፤ ለያንዳንዱም አንድ አንድ እንቁላል። ወንድይራድ የራሱን አላየም። ዓይኑ አማቱ ጣት ላይ ነበር። እማማ ድንቅነሽ እንቁላላቸውን በአውራ ጣታቸው ለሁለት ከፈሉት።

የፎቁ እንቁላል አስኳል የጠዋት ጭጋግ ይመስላል፤ ልብ ስለሚያርፍበት ነው ይላሉ። ይኸኛው ግን ብርቱካን ነበር። ቀይ ነበር። ሆራ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ብታዩት እንኳ እንዲህ አይሆንም። ወንድይራድ ይህን ቀለም በሕይወቱ አይቶት አያውቅም፤ ግን የማን እንደሆነ አወቀ።

በዚያች ቅጽበት የነበረው ምርጫ ቀላል ነው። ተናግሮ ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ መሄድ አለ፤ ዝም ብሎ ማየት አለ። ወንድይራድ ሦስተኛ አገኘ። እጁን ወርውሮ የአማቱን እንቁላል ከነቀለሙ አንሥቶ አፉ ከተተና ዋጠው። ሳያላምጥ ነው የዋጠው፤ እስከ ዛሬ ሰው ያንን ሲያደርግ አልታየም።

የእማማ ድንቅነሽ ጣቶች ባዶ አየር ይዘው ቀሩ።

“ይሄ ሰው” አሉ እማማ ድንቅነሽ ቀስ ብለው፣ “የአሮጊት እንቁላል ቀማ።”

“ይቅርታ እማማ። ራበኝ።”

“አንተ አብደሃል?” አለች አስካለ። ፊቷ ነጭ ሆኗል፤ እሱ ግን የቁጣ መስሎት አለፈው። ተደግፎ ተቀመጠ፤ የማይታወቅ እንቁላል ሆዱ ውስጥ አለ፤ ልቡ አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል ብሎ ጠበቀ። አልቆመም። እንዲያውም ሲሞቀው ተሰማው። አማቱ ተርፈዋል፤ ማንም ሳያውቅለት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ይህንንስ ለማንም ሳይናገር መሞት ነበረበት፤ ለሱ ይህ ከሞቱ የከበደ ነው።

ያኔ አስካለ፣ ስለተናደደች ይሁን ስለደነገጠች፣ የራሷን እንቁላል ከፈለች። ብርቱካን ነበር።

ወንድይራድ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። አንድ እንቁላል ነው ያመጣው። ሁለት ሊሆን አይችልም። ሐሳቡን ሳይጨርስ ብሩክታዊት ክንዷን ሰደደችና የእናቷን እንቁላል ቀምታ አፏ ከተተች።

“ብሩክቲ!” አለች አስካለ።

የብሩክታዊት አፍ ሙሉ ነበር፤ ዓይኗም እንባ ሞልቷል። እማማ ድንቅነሽ የልጅ ልጃቸውን ሳህን አዩ፤ እዚያ ያለውን እንቁላል በሹካ ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ቀለሙን አዩና ሳይናገሩ አንሥተው በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። ለዘጠና ዓመት ሰው ፍጥነታቸው የሚደነቅ ነው። የቀረው የወንድይራድ እንቁላል ብቻ ነበር። አስካለ ከፊቱ አነሣችው፤ እሱ እጇን ሊይዝ ሲል ውጣዋለች።

አራቱም የሌላውን እንቁላል በልተው ተፋጠጡ። ማንም አልሞተም።

መጀመሪያ የሳቀችው ብሩክታዊት ናት። “ላንቺ ፈርቼ ነው እማዬ” አለች እየሳቀች እያለቀሰች፤ “የኔ ነው የመሰለኝ። የሐበሻ እንቁላል ነው ያመጣሁት።”

“አንቺ ያመጣሽው?” አለች አስካለ። “እኔስ ያመጣሁት?”

ሁለቱም ወደ እማማ ድንቅነሽ ዞሩ። እማማ ድንቅነሽ አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። “ምን ታዩኛላችሁ? ሴትዮዋ ጎበዝ ናት። ፊደሏ ከመሥሪያ ቤቱ ይበልጣል።”

ወንድይራድ እትዬ ስንዱ የቤቱን ቁጥር ለምን ሳይጠይቁ እንደጻፉ አሁን ገባው። ዝናው ላስቲኩ ሥር አልደረሰም፤ ቤተሰቡ ግን ደርሷል፤ ሁሉም በየተራ፣ በየወዳጁ ስም።

ከግድግዳው ላይ ለሁሉም የሚሰማ ድምፅ ተናገረ። “በዚህ ቤት የአራት ሰው ልብ ፈጥኗል። ምክንያት ይግለጹ።”

“ፋሲካ” አሉ እማማ ድንቅነሽ።

“ፋሲካ የታወቀ ምክንያት ነው። መልካም በዓል።” ግድግዳው ዝም አለ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው አዳራሽ ሰው ጋሽ ልሳኑ ነበሩ፤ የልብ ቢሮ ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ የቢሮው ስም በትልቁ የተጻፈበት የሸራ ከረጢት ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በዓል ቀን ሰው ቤት ለመጣ ሰው የሚሆነውን ሐፍረት ይዘው።

“ይቅርታ አድርጉልኝ። ካልመጡ አምጣ ተብዬ ነው። አዳራሹ ባዶ ነው፤ የሰፈሩ የታገደ ሁሉ ቀርቷል፤ ከዚህ ቤት መጀመር ይሻላል አልኩ፣ አራት ስላላችሁ።”

“አራታችንም?” አለ ወንድይራድ።

“አራታችሁም። እማማ ድንቅነሽ ቤት ዘግተው ለብቻቸው እስክስታ ሲወርዱ ነው የፈጠነባቸው። ልጅቷ ስልክ ሲደወልላት ነው፤ የማን ስልክ እንደሆነ እኔ አልልም። አንተ ያው በወሬህ ነው።” ጋሽ ልሳኑ ወደ አስካለ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ማታ ማታ፣ ባጃጅ ከደጅ ሲቆም።”

ወንድይራድ ሚስቱን አያት። አስካለ ወጡን ታማስላለች፤ ወጡ መማሰል አያስፈልገውም ነበር። ለስንት ዓመት ስንት ሺህ ሰው ያሳቀው አፍ አንድም ቃል አጣ።

“ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ?” አለ በመጨረሻ።

“ዝም በልና ብላ” አለች አስካለ። በከንፈሯ ዳር ግን ትስቅ ነበር።

ጋሽ ልሳኑ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ ቅንጬው እየቀዘቀዘ ነው።”

“ይቀዝቅዛ” አሉ እማማ ድንቅነሽ። “ገድፈሃል አንተ?”

“ሥራ ላይ ነኝ እማማ።”

“ሳትገድፍ ከዚህ ቤት አትወጣም። ተቀመጥ። አስካለ፣ ከድስቱ ሥር ፈልጊ፤ ዞር ስትዪ የጣልኩት አንድ አለ። እኔ ሁለት ነው የገዛሁት፤ በዓል ነው፣ ሰው አይጠፋም ብዬ።”

አስካለ ጭልፋውን ሰዳ ከሥር አምስተኛውን አወጣች፤ ቀልቶ፣ ቅመም ጠጥቶ። ጋሽ ልሳኑ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉት። ወንድይራድ ዳቦ ቆረሰላቸው፤ አሁን ዳቦው የዱሮ ቅርጹን ያዘ። እንቁላሉን ሲከፍሉት ብርቱካኑ ሲወጣ ጋሽ ልሳኑ አልደነገጡም። አንዴ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሮአቸውን በትከሻቸው ፈተጉና፣ “ሰማሁ፣ ሰማሁ” ብለው አጉረመረሙ።

በማዕዱ ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን አቀና።

“አንተንም አዳራሹ ይጠብቅሃል እንዴ?” አሉ እማማ ድንቅነሽ።

“ከገና ጀምሮ” አሉ ጋሽ ልሳኑ። “ቅንጬውን የማበስለውም እኔ፣ የምበላውም እኔ። ሰው ባይመጣ ይሻለኛል፤ የሰው ፊት እያየሁ ስበላ ልቤ ይከፋዋል።”

ወንድይራድ ሳቀ። ከዚያ አፉ ተመለሰለት፤ የአማቱን እንቁላል የዋጠበትን መንገድ ለጋሽ ልሳኑ ሊያስረዳ ጀመረ፤ በሱ አነጋገር እንቁላሉ የሰጎን ያህል ነበር፣ እሱም ከመቀመጫው ሳይሆን ከበሩ ዘሎ ነው የደረሰበት። እማማ ድንቅነሽ፣ “ከበር አይደለም፣ ከጣራ ነው” ብለው አገዙት። የአራት ሰው ልብ እንደገና ፈጠነ፤ የአምስት ሰው። ግድግዳው ምንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱ ተመዝግቧል።

ጋሽ ልሳኑ ሲጨርሱ ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ፤ የልብ ቢሮን ከረጢት ከትከሻቸው አውርደው አፉን በሁለት እጃቸው ከፈቱት። ከሥሩ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

“ቅርፊቱንስ?” አሉ። “መንገዴ በዚያ ነው። ሳልመልስላት ብቀር ለጰራቅሊጦስ አትሰጠኝም።”

አራት እጆች በአንድ ጊዜ ወደ ኪስ ገቡ።